ጥቂት ኪሎ ሜትር ለሄደ አሮጌ የቅንጦት መኪና ተጨማሪ ዋጋ ከመክፈልዎ በፊት

በ20 ዓመት ውስጥ 50,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የተነዳ የቅንጦት መኪና ሲቀርብልዎ፣ አስቀድመው የቆጣሪውን ንባብ በየጊዜው ከተመዘገበው የጥገና ሰነድ ጋር ያመሳክሩ፤ ሰነድ ከሌለው ተጨማሪ ዋጋ አይክፈሉ። ቀጥሎ ዕድሜ ያደከማቸውን ክፍሎች ያስመርምሩ፤ ምክንያቱም የጎማ ማሸጊያዎችና ቱቦዎች መኪናው ቆሞም ይደርቃሉ፣ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ የታይሚንግ ቺንጊያ (የሞተሩን ውስጣዊ ክፍሎች እንቅስቃሴ የሚያቀናጅ ቀበቶ) ያለው ሞተር ከሆነም ቺንጊያው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዓመትም ይቀየራል። የጎማዎቹን ዕድሜ ከጎናቸው ላይ ያንብቡ፤ 2315 የሚለው ቁጥር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 በ23ኛው ሳምንት መመረታቸውን ያመለክታል። በአየር የሚሠራ ሰስፔንሽን (የመኪናውን አካል ተሸክሞ ንዝረትን የሚያለዝብ ክፍል) ካለው፣ ጥገናው እጅግ ውድ ስለሆነ፣ መኪናው አድሮ ዝቅ ማለት አለማለቱን ይመልከቱ። የእነዚህን ሁሉ ወጪ ከተጠየቀው ዋጋ ላይ ይቀንሱ። እኔ በበኩሌ ለዓመታት ከቆመው ይልቅ፣ ብዙ ተነድቶም በሰዓቱ የተጠገነውን እመርጣለሁ።