አጥቢያችሁ አካባቢውን የሚያገለግልበትን እሴት እንዴት ለይታችሁ ታወጣላችሁ?

«ፍቅር፣ አንድነት፣ ቅድስና፣ ታማኝነት» የሚል ጽሑፍ በብዙ አጥቢያዎች ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቃሎቹ ስሕተት የለባቸውም። ግን ልጇ የታመመባት ጎረቤት በሩን ስታንኳኳ፣ ወይም ለጋሽ ድርጅት «ይህን ፕሮጀክት ውሰዱ» ሲል ምን እንደሚደረግ አይናገሩም። ለሥራ የሚጠቅመው እሴት ምእመናኑ እስካሁን ገንዘባቸውን፣ ጊዜያቸውንና ጉልበታቸውን ካፈሰሱበት ነገር ውስጥ ይገኛል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ከ200 እስከ 500 አባላት ላሉት ወንጌላዊ አጥቢያ 8 ሳምንት ያህል ይፈልጋል።

1. ቡድን ማቋቋም

7 ሰው ይበቃል፦ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ዲያቆን፣ ሁለት ከሴቶች አገልግሎት፣ ሁለት ወጣቶች፣ እና ወደ አጥቢያው ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው አንድ አባል። አዲሱ አባል የግድ ያስፈልጋል፤ ነባሮቹ ለምደውት የማያዩትን እሱ ያያል። መጋቢው ይጸልይለት እንጂ ቡድኑን አይምራ፤ እሱ ባለበት ሰው ባለፈው እሑድ የተሰበከውን መልሶ ይናገራል። ሥራው ሳይጀመር የመጨረሻው ውሳኔ የማን እንደሆነ ከሽማግሌዎች ጋር በጽሑፍ ተስማሙ።

2. የሂሳብ መዝገቡን መክፈት

የሁለት ዓመት ወጪ በሦስት ይከፈል፦ ለራሳችን አምልኮና ሕንፃ፣ ለአባሎቻችን ችግር፣ አባል ላልሆነ ሰው። ሦስተኛው ባዶ ሊሆን ምንም ያህል ካልቀረው እንዳለ ይጻፍ፤ ማሳመር አያስፈልግም።

3. የሆነውን መሰብሰብ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ከ8ቱ ሳምንት 3ቱን ስጡት። «እሴታችን ምንድን ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ምእመን ጥቅስ ይመልሳል። ስለዚህ እንዲህ ጠይቁ፦ «ባለፉት ሁለት ዓመታት ከመካከላችን አንድ ሰው ለውጭ ሰው ያደረገው፣ ልባችሁን የነካ ነገር ምንድን ነው? ምን ዋጋ አስከፈለው? ማን አዘዘው?» ትልቁን መልስ የሚያመጣው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ማንም ሳያዝ፣ ከመድረክ ሳይነገር የሚደጋገም ነገር ካለ እሴቱ እዚያ ነው።

ምእመናኑ ከ6 እስከ 8 ሰው ባለው የውይይት ቡድን ለ75 ደቂቃ ይቀመጡ፤ ሴቶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ፣ አረጋውያን ለብቻ፣ ሽማግሌዎች በመጨረሻ። በአንድ ጉባኤ ሁሉን መሰብሰብ ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ግን ትልቅ ሰው ከተናገረ በኋላ ታናሽ ደፍሮ የተለየ ነገር አይናገርም። በየቡድኑም በዕድሜ ትንሹ ይጀምር።

ጸሐፊው የተነገረውን ቃል በቃል ይመዝግብ። «ለማታውቃት ሴት ሦስት ሌሊት ሆስፒታል አደረች» የተባለውን «ርኅራኄ» ብሎ ካሳጠረው፣ በኋላ ሁሉም ወረቀት ርኅራኄ ይሆንና ምንም የሚለይ ነገር አይገኝም። የተረዳው ሰው ስም አይጻፍ።

ያሳፈረንም ነገር ይጠየቅ፤ ይህ ግን በአፍ አይወጣም። ስም የሌለው የታጠፈ ወረቀት አዘጋጁ፤ ለማይጽፉት ደግሞ የሚያምኑት ሰው ለብቻ ይጻፍላቸው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የሚጀምረው በዕለታዊው አገልግሎት ቸል ስለ ተባሉ መበለቶች በተነሣ ማጉረምረም መሆኑን በስብሰባው መክፈቻ ብታነቡ ሰው ለመናገር ይደፍራል። 40 ያህል ታሪክ ሲሞላ አቁሙ።

4. ጎረቤትን መስማት

የእድር ዳኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ በአጥር የሚዋሰኑ የኦርቶዶክስና የሙስሊም ቤተሰቦች፤ 10 ሰው ይበቃል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። መዝገብና እስክሪብቶ ይዛችሁ አትግቡ፤ ሰው የርዳታ ምዝገባ ይመስለውና ስለ ችግሩ ብቻ ይነግራችኋል። «ከእኛ ያገኛችሁት ምንድን ነው? ያስቸገርናችሁስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሌሊት ጸሎት ድምፅ ማጉያ ከተነሣ አትከራከሩ። ወጥታችሁ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጻፉት።

5. መለየትና መሰየም

ታሪኮቹን አንድ በአንድ በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፤ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጉ። ከ8 እስከ 10 ክምር ይወጣል። ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጡ። እዚህ ላይ ፕሮግራምን ከእሴት ጋር ማምታታት የተለመደ ነው፦ «ተማሪዎችን በደብተር መርዳት» ፕሮግራም ነው፤ «ልጅ በድህነት ምክንያት ከትምህርት አይቀርብንም» እሴት ነው። ደብተሩ ቢቀር እሴቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

ከዚያ የቡድን ውይይት ለተሳተፈ ሁሉ አምስት አምስት ፍሬ ባቄላ ስጡ፤ በየዓረፍተ ነገሩ ፊት በተቀመጠ ኩባያ ይጨምር። እጅ ከማውጣት በጣም ይሻላል፤ ማንበብ የማይችሉትም ይመርጣሉ፣ ማንም ማንን አይቶ አይከተልም። ብዙ ባቄላ ያገኙት 4 ወይም 5 ይያዙ።

6. በእምቢታ መፈተን

ከየእሴቱ ሥር «ስለዚህ ይህን አናደርግም» የሚል መስመር ጻፉ። መስመሩ ካልመጣላችሁ እሴቱ ገና አልጠራም። «የተቸገረን ሰው ክብር እንጠብቃለን» ያለ አጥቢያ በበዓል ዘይትና ዱቄት ሲያድል ተቀባዩን በር ላይ አያሰልፍም፣ ፎቶ አያነሣም። ርዳታና ስብከት እንዴት እንደሚገናኙም እዚሁ ይወሰን። ወንጌልን በግልጽ መመስከር ይገባል፤ ዱቄቱን ግን ለስብከት መጥሪያ ማድረግ ወንጌሉንም ተቀባዩንም ያዋርዳል።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለጋሾች ለልማት ሲሰጡ ለወንጌል ሥራ እጃቸውን መሰብሰባቸውን ተቃውማ፣ የሰው ሥጋዊና መንፈሳዊ ፍላጎት እንደማይነጣጠል አስታወቀች። እሴቷን ስለምታውቅ ገንዘብ ለሚሰጣት መልስ ነበራት።

7. ማጽደቅ

ረቂቁ በሁለት ተከታታይ እሑዶች ለምእመናን ይነበብ፤ በመካከላቸው ባለው ሳምንት አስተያየት ይሰብሰብ፤ ከዚያ ሽማግሌዎች ያጽድቁት። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲዘጋጅ ከእያንዳንዱ እሴት ጎን የብር መጠንና የኃላፊው ስም ይጻፍ። ብርም ሰውም ያልተገኘለት ከዝርዝሩ ወጥቶ የጸሎት ርእስ ሆኖ ይቆይ።