ደንገል ስንተክል የት ላይ እንሳሳታለን?

በባሕር ዳር ዙሪያ የጣና ዳርቻ ደንገል፣ ታንኳ የሚሠራበት ረጅሙ የውሃ ዳር ተክል፣ ሳስቷል። እርሻው፣ ከብቱና ግንባታው ተባብረው ገፉት። መልሶ ለመትከል የሚነሳ ሰው ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል። ግን የብዙዎቹን ልፋት ውሃ ይበላዋል።

ትልቁ ስህተት ጊዜው ነው። ተከላ ሲባል ሁላችንም ሐምሌን እናስባለን። እኔም መጀመሪያ የተከልኩት ሐምሌ ላይ ነበር። ጣና ግን ክረምቱን ሙሉ እየሞላ ሄዶ በመስከረምና በጥቅምት ጫፍ ይደርሳል። ከግንቦቱ መጠን ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ክንድ የማይሞላው ቡቃያዬ ነሐሴ ሳያልቅ ከነአናቱ ሰጠመ። የጎለመሰ ደንገል ቁመቱ 3 ሜትር ስለሚያልፍ ሙላቱን ይችለዋል። ቡቃያ ግን አየር ያጣና ይበሰብሳል። ስለዚህ ውሃው መሸሽ ሲጀምር፣ ኅዳር ላይ ትከሉ። በጋውን አድጎ ለክረምቱ ይደርሳል።

ኅዳር ላይ ረግረግ የሆነ ቦታ ሁሉ ግን አያዛልቅም። ባሕር ሸሽ መሬት መጋቢት ላይ ሊሰነጣጠቅ ይችላል፤ ደንገል ደግሞ ውሃ ጥም አይችልም። ቢቻል ግንቦት ላይ ሄዳችሁ ዳርቻውን እዩት። ያኔም እግር የሚያሰምጥ ጭቃ ካለ ቦታው እሱ ነው።

ዘንጉን እንደ ሸንኮራ አገዳ ቆርጦ ጭቃ ውስጥ መሰካትም ከንቱ ድካም ነው። ደንገል የሚራባው ጭቃው ውስጥ አግድም ከሚሄደው ወፍራም ግንዱ ነው። ጫፉ ላይ ቡቃያ ያለውን ቁራጭ ውሰዱ። ሁሉንም ከአንድ ቁጥቋጦ አትንቀሉ፤ እናቲቱ ትጎዳለች።

አሸዋ ላይ አራርቆ መትከልም አይሆንም። ማዕበል ሲመላለስ አሸዋውን ከሥሩ አጥቦ ይወስደዋል። ከድንጋይ ጀርባ፣ ደለል የሚተኛበትን ጥግ ፈልጉ። ሦስት አራቱን አንድ ላይ ትከሉና ከችካል ጋር እሰሩ። ሥሩ እርስ በርሱ ከተቆላለፈ በኋላ ደለሉን ራሱ ይይዛል።

እንቦጭን አደራ! እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን ምን እንዳደረገው አይተናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። እንቦጭ ካለበት አካባቢ ደንገል የምታመጡ ከሆነ ሥሩን እዚያው አጥባችሁ አምጡ።

ለማጨድም አትቸኩሉ። ታንኳ የሚሠራው ከጎለመሰ ዘንግ ነው። የተቆረጠ ዘንግ መልሶ አያቆጠቁጥም፤ አዲሱ የሚመጣው ከታች ነው። በመጀመሪያው ዓመት ካጨዳችሁት የታችኛው ግንድ ስንቅ ያጣል።

የመጨረሻው ከብት ነው። በበጋ ሣር ሲጠፋ ለምለም ሆኖ የሚታየው የእናንተ ቡቃያ ነው። አጥር ብቻውን አይበቃም፣ ከመትከላችሁ በፊት እረኞቹን አነጋግሩ። የእኔ ሁለተኛ ተከላ የተረፈው እነሱ መንጋውን በሌላ በኩል ውሃ ስላወረዱልኝ ነው።