ቦርድ የማያቃጥል ፓወር ሰፕላይ

ፓወር ሰፕላይ ማለት የ220 ቮልቱን መብራት ስልክ ስጠግን ወደምፈልገው ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚለውጥልኝ ሳጥን ነው። የመጀመሪያው ፓወር ሰፕላዬ የደንበኛ ስልክ አቃጥሏል። ቮልቴጁን የማስተካክልበት ቮልዩም ከአሮጌ ራዲዮ የፈታሁት ነበር። 4 ቮልት ላይ አድርጌ ስልኩን አገናኘሁ። ቮልዩሙን በጣቴ ጫፍ ስነካው ውስጡ ያለው መንሸራተቻ ተላቀቀ፤ ሜትሩ 20 ላይ ወጣ፤ ቦርዱ ሸተተ። የስልኩን ዋጋ ለሴትየዋ ከፈልኳት። የልጆቿን ፎቶ ግን ልመልስላት አልቻልኩም።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የሠራሁት ያንን ቀን እያሰብኩ ነው። ከ1.25 እስከ 15 ቮልት ይሰጣል፤ ከረንቱም በሦስት ደረጃ ይገደባል። የ220 ቮልቱን ሽቦ ከዚህ በፊት ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ ያንን ክፍል የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ሆኖ ይሥራ።

ትራንስፎርመሩን ያገኘሁት ምናለሽ ተራ ነው፤ ከተፈታ አምፕሊፋየር የወጣ፣ 18 ቮልት 3 አምፔር። ከዩፒኤስ የወጣ አልመክርም፤ አብዛኛው ለጥቂት ደቂቃ እንጂ ቀን ሙሉ እንዲሠራ የታሰበ አይደለም። አሮጌ ስትገዙ መልቲሜትር ይዛችሁ ሂዱ። በ220 በኩል ያለው ጥቅል በአሥር ቤት የሚቆጠር ኦም ያሳያል፤ የ18 ቮልቱ ከ1 ኦም በታች ነው። ከሁለቱም ወደ ብረቱ ግን ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም። ቤት ገብታችሁ ያለ ጭነት አንድ ሰዓት አቆዩት፤ ከሶኬት ነቅላችሁ ስትነኩት ለብ ካለ ደህና ነው፤ እጅ የሚያስነሳ ከሆነ መልሱት።

በ220 በኩል ግማሽ አምፔር ፊውዝ አስገቡ። የሳጥኑን ብረት ከግራውንድ ሽቦ ጋር አጥብቃችሁ እሰሩ። ከትራንስፎርመሩ በኋላ 10 አምፔር ብሪጅ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚለውጡ አራት ዳዮዶች)፣ ከዚያ 4700 ማይክሮ ፋራድ 50 ቮልት ካፓሲተር ይመጣል። ካፓሲተሩ ላይ 2.2 ኪሎ ኦም 1 ዋት ሬዚስተር በየዱ፤ ከተነቀለ በኋላ የቀረውን ቻርጅ ያወጣዋል። እዚህ ላይ የምታገኙት 24 ቮልት ገደማ ነው።

ቀጥሎ ሁለት ኤልኤም 338 (የግቤት፣ የውጤትና የማስተካከያ እግር ያላቸው ቮልቴጅ ማስተካከያ አይሲዎች) በተከታታይ ይገባሉ፤ የመጀመሪያው የከረንት ዘበኛ ነው። ከውጤት እግሩ በሬዚስተር አልፋችሁ፣ ማስተካከያ እግሩን ከሬዚስተሩ ማዶ ታገናኛላችሁ። 1.25ን ለሬዚስተሩ ኦም ስታካፍሉ ከፍተኛው አምፔር ይወጣል። እኔ በሚዞር ስዊች ሦስት አስገብቻለሁ፦ 12 ኦም (0.1 አምፔር)፣ 2.2 ኦም 2 ዋት (0.57) እና 1 ኦም 5 ዋት (1.25)። ስዊቹ ቢላቀቅ እንኳ ከረንቱ ይቋረጣል እንጂ አይለቀቅም። ከዘበኛው በኋላ ትልቅ ካፓሲተር አታስገቡ። እዚያ የተጠራቀመው ኃይል የሚወጣው ዘበኛው ሳያየው ነው። በሁለቱ ኤልኤም 338 መሀል 0.1፣ መውጫው ላይ 10 ማይክሮ ፋራድ ይበቃል።

ሁለተኛው ቮልቴጁን ይይዛል። ከውጤት እግሩ ወደ ማስተካከያው 120 ኦም፣ ከማስተካከያው ወደ ኔጋቲቭ አዲስ የ2 ኪሎ ኦም ቮልዩም አስገቡ። አዲስ ያልኩበትን ምክንያት ታውቃላችሁ። የመሀል እግሩን ከአንዱ ዳር እግር ጋር በየዱት። ከቮልዩሙ ጎን (በትይዩ) 3.9 ኪሎ ኦም ስታክሉበት ጣሪያው 15 ቮልት ይሆናል።

ለስልክ የሚሆነው ክፍል ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ። ከቮልዩሙ ጎን፣ እንዲሁ በትይዩ፣ 330 ኦም ሬዚስተር በስዊች አስገቡ። ስዊቹ ሲገባ ቮልዩሙን እስከ ጥግ ብታዞሩት ከ4 ቮልት አያልፍም። ቮልዩሙ ሙሉ በሙሉ ቢበጠስ ደግሞ 4.4 ላይ ይቆማል። ያኔ ይህ ሬዚስተር ኖሮኝ ቢሆን ያ ስልክ ይተርፍ ነበር።

ሁለቱም ኤልኤም 338 ክፉኛ ይሞቃሉ። በ4 ቮልት 1.25 አምፔር ስትስቡ 25 ዋት የሚጠጋ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የአምፕሊፋየሩን ትልቅ ሙቀት ማስወጫ አሉሚኒየም ከሳጥኑ ጀርባ በውጭ በኩል፣ ክንፎቹን ወደ ላይና ወደ ታች አድርጋችሁ እሰሩ። ባለ ብረት ቆቡን ኤልኤም 338 ከተጠቀማችሁ ብረቱ ራሱ የውጤት እግር ነው። ሁለቱን ያለ ሚካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ማገጃ) አንድ አሉሚኒየም ላይ ካሰራችሁ ውጤታቸው ይገናኝና ዘበኛም ማስተካከያም የለም ማለት ነው። እኔ ሚካውን አስገብቼ፣ የሙቀት ቅባቱን ቀብቼ፣ ቆቡና አሉሚኒየሙ መለያየታቸውን ስፈትሽ መልቲሜትሩ አሁንም ተገናኝተዋል ብሎ ጮኸ። ፈታሁት፤ ከቀዳዳው ጠርዝ የቀረች ፀጉር የምታክል የአሉሚኒየም ስንጥር ሚካውን ወግታዋለች። ቀዳዳውን በወፍራም ድሪል ጫፍ በእጅ አሹት፤ ከዚያ ብቻ እሰሩ።

በእያንዳንዱ ኤልኤም 338 ላይ ከውጤት ወደ ግቤት አንድ 1ኤን4007 ዳዮድ፣ መስመር ያለበትን ጫፍ ወደ ግቤት አዙራችሁ በየዱ። ባትሪ ስትሞክሩ ወደ ኋላ ከሚመጣ ቮልቴጅ ይጠብቃል።

እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመጣ አመጣጡ አይታወቅም፤ ስለዚህ ውጤቱን በ24 ቮልት ሪሌ (ኮይሉ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ኮንታክቱን የሚዘጋ ማብሪያ) አሳልፌዋለሁ። አረንጓዴውን ቁልፍ ስጫን ሪሌው በአንድ ኮንታክቱ ራሱን ይይዛል፣ በሌላው ፖዘቲቩን ወደ መውጫው ያሳልፋል። ቀይ ቁልፉ ይለቀዋል። ኮይሉ ላይም ዳዮድ አትርሱ። መብራት ሄዶ ቆይቶ ሲመለስ፣ እኔ ካልተጫንኩት ጠረጴዛው ላይ ያለው ዕቃ ምንም አይደርሰውም።

ስትጨርሱ በቀጥታ ሶኬት ላይ አትሰኩት። በ220ው መስመር ላይ 60 ዋት የሽቦ አምፖል በተከታታይ አስገቡ። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ቀጥሉ፤ ደምቆ ከቀረ የሆነ ቦታ ሾርት አለ። ከዚያ አምፖሉን አውጥታችሁ፣ ስዊቹን 0.1 ላይ አድርጋችሁ፣ ሁለቱን መውጫ በአምፔር መለኪያው አገናኙ። ሜትሩ 0.10 ገደማ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ያኔ የሰው ስልክ ማገናኘት ትችላላችሁ።