ሲዲ ፎር ከ200 ሲወርድ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

በኤችአይቪ ምክንያት ሲዲ ፎሩ (በደም ውስጥ ያሉት የመከላከያ ሴሎች ቁጥር) ከ200 በታች የወረደ ሰው የሚታመመው ከውጭ በሚመጣ ጀርም ብቻ አይደለም። የቲቢ ባክቴሪያና ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋሲ ለዓመታት ሰውነት ውስጥ አድፍጠው ይቆዩና መከላከያው ሲዳከም ይነሣሉ። ስለዚህ ከንጽሕናው በፊት መድኃኒቱ ይቀድማል።

ከኤችአይቪ መድኃኒቱ ጋር ለአዋቂ የሚታዘዘው ኮትሪሞክሳዞል በቀን 960 ሚሊግራም ነው፦ ባለ 480 ከሆነ ሁለት ፍሬ፣ ባለ 960 ከሆነ አንድ። ኒሞሲስቲስ የተባለውን የሳንባ ምች፣ ቶክሶፕላዝማን፣ ወባንም ይከላከላል። ርካሽና የተለመደ ኪኒን ስለሆነ ሰው ቶሎ የሚተወው እሱን ነው፤ ማቆም ያለበት ግን ሐኪሙ ሲል ብቻ ነው። ሽፍታ ከወጣ ለሐኪም ይነገር። ቆዳው ውሃ ከቋጠረ ወይም አፍና ዓይን ከቆሰለ ኪኒኑን አቁማችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ።

የሚጠጣው ውሃ ይፈላ። ክሎሪን ብዙ ጀርም ይገድላል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየምን ግን አይገድልም፤ በዚህ ደረጃ ላይ ላለ ሰው ለሳምንታት የማይቆም ተቅማጥ የሚያመጣው ደግሞ እሱ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ፤ ከዚያ በተከደነ ዕቃ ይቀዝቅዝ። ጸበል መጠመቅ ከመድኃኒት ጋር አይጋጭም። ከምንጭ በቀጥታ የተቀዳውን መጠጣት ግን ያው ያልፈላ ውሃ መጠጣት ነው።

ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ለጊዜው ይቅሩ። ሚጥሚጣው ጀርም አይገድልም፤ ሥጋው ውስጡ ሮዝ መሆኑ እስኪጠፋ ይብሰል። ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎም ይቅር። ሰላጣ ከመብላት ጎመን ቀቅሎ መብላት ይሻላል፤ በተለይ ከየወንዙ ዳር የመጣ ከሆነ በማጠብ ብቻ አይታመንም።

ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው። ብርድ እንዳይመታ ተብሎ መስኮቱ የሚዘጋበት ክፍልና ታክሲ ለእሱ የተመቸ ነው፤ ለበሽተኛው ጋቢ ደርቡለትና መስኮቱን ክፈቱ። ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ፣ ከአራቱ አንዱ ከታየ ሁለት ሳምንት ሳትጠብቁ ተመርመሩ። ምልክት ከሌለና ቲቢ አለመኖሩ ከተረጋገጠ የመከላከያ መድኃኒቱን ጠይቁ። አይሶናያዚድ ከሆነ በየቀኑ ለ6 ወር ነው፤ እግር እንዳይደነዝዝ ቫይታሚን ቢ6 አብሮ ይወሰዳል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በራስ ምታት ነው። ክሪፕቶኮከስ የተባለ ፈንገስ በትንፋሽ ገብቶ ወደ አንጎል ሽፋን ይደርሳል፤ ሕመሙ ግን እንደ ማጅራት ገትር ወዲያው አይጥልም፤ ለቀናት፣ ለሳምንታትም ቀስ እያለ ይበረታል። አንገት ላይገተር፣ ትኩሳቱም ቀላል ሊሆን ይችላል። በዚህ መካከል ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቃል፣ ፓራሲታሞል ይዋጣል፣ ጊዜ ያልፋል። ከ3 ቀን በላይ የቆየ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የዕይታ መደራረብ ወይም ግራ መጋባት ካለ «የክሪፕቶኮከስ ምርመራ ይደረግልን» በሉ። የመጀመሪያው ምርመራ በትንሽ ደም የሚሠራ ፈጣን ነው።

ቤት ውስጥ ቴርሞሜትርና ሰዓት ይኑር። ሰውየው ዐርፎ ተቀምጦ ሳለ የደረቱን መነሣትና መውረድ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ትንፋሹ ከ30 ከበለጠ፣ የልብ ምቱ ከ120 ካለፈ፣ ትኩሳቱ 39 ከደረሰ ወይም ያለ ድጋፍ መራመድ ካቃተው፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት። አፍ ውስጥ ያለ ነጭ ነገር ብቻውን በቀጠሮ ሊታይ ይችላል፤ መዋጥ ሲያም ግን ፈንገሱ ጉሮሮ ወርዷልና ቶሎ ይታይ።

የኤችአይቪ መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሕመም ከባሰ ወይም ንፍፊት ካበጠ ብዙዎች መድኃኒቱ ጎዳኝ ብለው ይጥሉታል። አብዛኛውን ጊዜ የተነቃቃው መከላከያ የተደበቀውን ጀርም ማጥቃት ስለጀመረ ነው፤ ኪኒኑን ሳታቋርጡ ተመርመሩ። ወደ ሐኪም ስትሄዱ የምትወስዱትን ሁሉ ከነማሸጊያው ያዙ። ለምሳሌ ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የኤችአይቪ መድኃኒቱን የዶሉቴግራቪርን መጠን በደም ውስጥ ስለሚቀንሰው፣ 50 ሚሊግራሙ በቀን አንዴ መሆኑ ቀርቶ በየ12 ሰዓቱ ይሆናል፤ ሐኪሙ ይህን ማስተካከል የሚችለው ሁለቱንም ሲያይ ነው።