አዲስ አበባን በጋይድ ቡክ ማየት፦ የቱን ገጽ ማመን፣ የቱን መዝለል

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ግን ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ የማያውቅ ሰው ሞልቷል። ተማሪ እያለ አንዴ በሰልፍ ገብቶ ከዚያ ወዲህ በደጁ በታክሲ ብቻ የሚያልፍም አለ። ከውጭ ልጆቹን ይዞ ለክረምት የሚመጣው ዘመድ ደግሞ ከኤርፖርት ዘመድ ቤት፣ ከዘመድ ቤት ሰርግ፣ ከሰርግ ሌላ ዘመድ ቤት ሲል ጊዜው ያልቅና ይመለሳል። ልጆቹ "አዲስ አበባን አየን" ይላሉ። ያዩት ሳሎን ነው።

ለሁለቱም የምመክረው አንድ ነው፤ ለፈረንጅ ቱሪስት የተጻፈ ጋይድ ቡክ ግዙና ከተማችሁን በእሱ ዙሩ። አትሳቁ። እኛ ለምደነው የማናየውን ነገር የሚያየው እንግዳ ነው፣ ደግሞም ጥሩዎቹ ጸሐፊዎች ታሪኩን አንብበው ነው የሚመጡት። ግን አጠቃቀሙን ማወቅ ያስፈልጋል፤ መጽሐፉ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ መደብር እስኪደርስ ድረስ ከተማዋ ሌላ ትሆናለች።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ይህ ምንድን ነው፣ ማን ሠራው፣ ለምን እዚህ ቆመ የሚለውን መጽሐፉን ጠይቁት። የት ነው፣ በየት ይኬዳል፣ ስንት ይከፈላል፣ ስንት ሰዓት ይዘጋል የሚለውን ግን ሰው ጠይቁ። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ያደርግና "መጽሐፉ ዋሸኝ" ይላል።

መጀመሪያ ዕድሜውን እወቁ

ሽፋኑ አዲስ መምሰሉ ምንም አይነግራችሁም። የታተመበት ዓመት ፊተኛው ገጽ ላይ አለ፤ እሱም ቢሆን ያታልላል፤ ጸሐፊው ከተማዋን የዞረው መጽሐፉ ከመታተሙ ቀደም ብሎ ነውና። እኔ የምፈትነው በሌላ ነው። የፒያሳን ገጽ ግለጡ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ከሌለበት ከየካቲት 2016 በፊት የተጻፈ ነው። አንድነት ፓርክ ካልተጠቀሰና የምኒልክ ግቢ ለጎብኚ ዝግ ነው ካለ ደግሞ ከ2012 በፊት። ስለ ቀላል ባቡሩ "እየተሠራ ነው" ካለ ከ2008 ወዲያ ማዶ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከዚህ የሚፈጥነው መፈተኛ የምንዛሬው ገጽ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ከመቶ አለፈ። መጽሐፋችሁ አንድ ዶላር 20 ብር ነው ካለ ውስጡ ያሉትን ዋጋዎች በሙሉ እንደ ተረት አንብቧቸው፤ ተረት ጥሩ ነው፣ ቦርሳ ግን አይሞላም።

አዲስ እትም ካገኛችሁ መልካም። ካላገኛችሁ ግን አሮጌውን አትናቁት፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የሚዘለሉት ገጾች

እንጀራ በየትኛው እጅ እንደሚቆረስ የሚያብራራውን ክፍል ዝለሉት። ቡና ስንት ጊዜ እንደሚቀዳ የሚያስረዳውንም። ለሳቅ ካልሆነ በቀር አይጠቅማችሁም (ለሳቅ ግን በጣም ይጠቅማል፣ በተለይ እናታችሁ አጠገብ ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ ካነበባችሁት)። የሆቴልና የምግብ ቤት ዝርዝሩንም እለፉት። ግማሹ ተዘግቷል፣ ግማሹ ሰፈር ቀይሯል።

የመግቢያ ዋጋ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። መጽሐፉ የሚጽፈው የውጭ ዜጋ የሚከፍለውን ነው። ብዙ ቦታ ለኢትዮጵያዊ ዋጋው ሌላ፣ በጣም ያነሰ ነው። ዜግነት የቀየራችሁ ከሆነ ቢጫ ካርዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ መስኮቱ ላይ ቆማችሁ ጠይቁ። በአማርኛ ስላወራችሁ ብቻ ያልፋል ብላችሁ አትመኑ።

ሰዓትም አለ። መጽሐፉ 9:00 ሲል ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ዘበኛው "እስከ 11 ክፍት ነው" ሲል ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። ለእኛ ግልጽ ነው። ውጭ ላደገ ልጅ ግን ይህን ሳይነግሩት ብቻውን ቢልኩት ተዘግቶ ነው የሚደርሰው። ዓመተ ምሕረቱም እንደዚሁ ነው፤ እኛ የካቲት 12 ቀን 1929 የምንለውን መጽሐፉ 1937 ይለዋል፣ ልጁ ሁለት የተለያየ ነገር ይመስለዋል። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መቀነስ ቀድማችሁ አስተምሩት።

ካርታውን ወደ ታክሲ ቋንቋ መመለስ

የመጽሐፉ ካርታ ላይ "አፍሪካ ጎዳና" የሚል ታገኛላችሁ። ታክሲ ውስጥ ገብታችሁ "አፍሪካ ጎዳና ውሰደኝ" በሉት እስቲ። ቦሌ መንገድ ነው። ካርታው የጎዳና ስም ያውቃል፣ እኛ ደግሞ አደባባይ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሆስፒታልና የጠፋ ሱቅ ነው የምናውቀው። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ማታ ቁጭ ብላችሁ፣ ማየት ከምትፈልጉት ቦታ ጎን ረዳቱ የሚጠራውን ስም በእርሳስ ጻፉበት። ብሔራዊ ሙዚየም ጎን አምስት ኪሎ። ሥላሴ ካቴድራል ጎን አራት ኪሎ። የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ጎን መስቀል አደባባይ። ትግላችን ሐውልት ጎን ጥቁር አንበሳ። አፍሪካ አዳራሽ ጎን እስጢፋኖስ። ይህን የሠራ ሰው ካርታውን ቦርሳው ውስጥ ቢተወውም አይጠፋም። መጽሐፉን ራሱንም ይዞ መዞር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልጓችሁን ገጾች በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታም አውርዱ።

አጠያየቅም ዘዴ አለው። "በዚህ ነው የሚኬደው?" ካላችሁ መልሱ "አዎ" ነው፤ ሰዉ ላለማሳፈር ሲል ያልፈዋል። "በየት በኩል ነው?" በሉ፣ ያን ጊዜ እጁን ዘርግቶ ያሳያል። የሚጣደፍ መንገደኛ አትጠይቁ። ሊስትሮ ጠይቁ፣ ጋዜጣ ሻጭ ጠይቁ፣ ሱቅ በር ላይ የቆመ ሰው ጠይቁ። ከዚያ ትንሽ ሄዳችሁ ሌላ ሰው ድገሙ። መጽሐፉ ላይ ያለው የድሮ ስም ከሆነ ደግሞ ወጣት አታድክሙ፤ ሸምገል ያሉ ሰው ፈልጉና "ጋሼ፣ እዚህ ጋር የነበረው እንትን የቱ ጋር ነበር?" በሉ። ጊዜ ካላችሁ ብቻ ነው ታዲያ፤ መልሱ አጭር አይሆንም።

ለመጀመሪያ ቀን፦ ከስድስት ኪሎ ቁልቁል

መጽሐፉን ለመሞከር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ብዙው ቁልቁለት ነው፣ በእግር ይሄዳል፣ ሦስት አራት ገጽ ብቻ ማንበብ ይበቃል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ከውጭ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከላይ መጀመሩም ለዚህ ነው።

ስድስት ኪሎ አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አለ። እዚያ ቆማችሁ ገጹን አንብቡ፤ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ከተማዋ ላይ የደረሰውን። ሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ምስሎች ከዚያ በኋላ ዙሩና እዩ። ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ግቡ (መታወቂያ ያዙ)። የኢትኖግራፊ ሙዚየሙ ያለበት ሕንጻ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ነው፣ የንጉሡ መኝታ ቤት ሳይቀር ይታያል። እዚህ አትቸኩሉ። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በብሔር ሳይሆን በሰው ልጅ ዕድሜ ነው፤ ከልደት፣ ከልጅነት ጀምሮ እስከ ሞት። ያን ካላወቃችሁ ግራ የገባው ዕቃ ክምችት ይመስላችኋል፣ ካወቃችሁ ግን ከአገሪቱ ሙዚየሞች ሁሉ በሐሳብ የተሠራው እሱ ነው ባይ ነኝ።

ስትወጡ ደጁ ላይ ያለውን ወዴትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ እዩ። ጣልያኖች ናቸው የሠሩት፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሎኒ ሥልጣን ላይ የቆየበትን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ከነጻነት በኋላ የእኛ ሰዎች አላፈረሱትም፣ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ከዚህ በላይ ስድብ የለም። ስንት ሰው እዚያ ግቢ አራት ዓመት ተምሮ ሥሩ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ሳያውቀው ይመረቃል! ጋይድ ቡክ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

ቁልቁል ስትወርዱ ብሔራዊ ሙዚየምን ታገኛላችሁ። ድንቅነሽ ጋር ቁሙ፤ የሦስት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ዓመት ዕድሜ ያላት፣ በ1967 ሐዳር የተገኘችው። ላይኛዎቹን ፎቆች ፈጠን ብላችሁ ብታዩ አይቆጭም። ከዚያ አራት ኪሎ። የሚያዝያ 27 ሐውልት፣ ቀጥሎ ሥላሴ ካቴድራል፤ የንጉሡና የእቴጌ መነን መቃብር ውስጥ ነው፣ የሲልቪያ ፓንክረስት መቃብር ደግሞ ግቢው ውስጥ። ምሳ እዚሁ ብሉ። ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይወረድና ወደ ፒያሳ ይወጣል። ደክሟችሁ ከሆነ ይህችን በታክሲ።

ፒያሳ ላይ መጽሐፉ ብዙ ያወራል፣ ልክ ነው። የጊዮርጊስ ካቴድራል ለዓድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 አፄ ኃይለ ሥላሴ የነገሡትም እዚህ ነው። አጠገቡ በፈረስ ላይ ያሉት ምኒልክ፣ ትንሽ አለፍ ብሎ የዓድዋ ሙዚየም። ቀና ስትሉ ማዘጋጃ ቤቱ አለ። እሱንና አፍሪካ አዳራሽን የነደፈው አንድ ሰው ነው፣ ጣልያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ። አፍሪካ አዳራሽን በሌላ ቀን እዩት፤ ግንቦት 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ያለበት ነው። የተመድ ግቢ ስለሆነ ግን ዝም ተብሎ አይገባም፣ አስቀድሞ ማስፈቀድ ይጠይቃል። የፒያሳውን ቀን ጣይቱ ሆቴል ቡና ጠጥታችሁ ጨርሱት። በአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል ነው፤ በ2007 እሳት ጎድቶት ነበር፣ ተርፏል።

መርካቶን ከዚህ ጋር አትደርቡት። ለብቻው፣ በሥራ ቀን፣ በጠዋት። የመጽሐፉ ካርታ መርካቶ ላይ ብዙም አይሠራም፤ እዚያ መሄጃው ተራ ነው። ሸማ ተራ ወይስ ምናለሽ ተራ፣ አንዱን ምረጡና እሱን በደንብ እዩ።

አሮጌውን መጽሐፍ ሆን ብሎ መግዛት

አሁን ወደ አሮጌው ልመለስ። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፣ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙው ሄዷል። አዲሱ መጽሐፍ ስለ እነሱ አንድ መስመር ቢጽፍ ነው። አሮጌው ግን ካርታ አለው። የትኛው ቡና ቤት ከየትኛው ጥግ እንደነበር፣ የትኛው ጠባብ መንገድ ወደ የት ያስወጣ እንደነበር፣ ቁጥር ሰጥቶ አስቀምጦታል። ያ ዝለሉት ያልኳችሁ የምግብ ቤት ዝርዝር እዚህ ላይ ዋጋ ያገኛል፤ ማንም ሌላ ቦታ ያልመዘገበውን ተራ ነገር ይዟልና። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ጋር፣ ወይም ክንዳቸው ላይ ቆልለው ከሚያዞሩት ልጆች ጠይቁ፤ ጊዜው ያለፈበት እትም ብዙ ሰው ስለማይፈልገው ተከራክራችሁ ዋጋውን ማስወረድ ትችላላችሁ።

ከዚያ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። አክስት፣ አጎት፣ የድሮ ጎረቤት። አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ቁሙና ካርታውን ዘርጉላቸው። መጀመሪያ "ኧረ ይሄ ስህተት ነው" ይላሉ። ቀጥለው ያርሙታል፣ ከዚያ ማን የት ይኖር እንደነበር ይጀምራሉ። ስልካችሁን ቅጃ ላይ አድርጉ፣ ኅዳጉ ላይም ጻፉ፤ በዚህ መንገድ የተሞላ መጽሐፍ ከማንኛውም አዲስ እትም ይበልጣል። ከድልድይ፣ ከወታደር ግቢና ከቤተ መንግሥት አጥር አጠገብ ግን ካርታ ዘርግታችሁ ፎቶ አትነሱ፤ አፍታ ሳይቆይ ጠያቂ ይመጣል።

የቀረው የቀን ምርጫ ነው። ሙዚየም ከመሄዳችሁ በፊት፣ በተለይ በበዓልና በሰኞ፣ ደውላችሁ አረጋግጡ። ክረምት ከሆነ የእግር ጉዞውን በጠዋት ጨርሱት፣ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወርደው። በጥምቀት ሰሞን የመጣችሁ እንደሆነ ደግሞ የስድስት ኪሎን ጉዞ ለሌላ ቀን አዛውሩት፤ ታቦታቱ ጃን ሜዳ ስለሚወርዱ መንገዱ ይዘጋል፣ ያን ቀን መጽሐፉን ቤት ትታችሁ ከሕዝቡ ጋር ውረዱ።