ግራምን በኮፊሸንት ማባዛት ይቅር፦ የስቶይኪዮሜትሪ ችግርና መፍትሄ

ስቶይኪዮሜትሪ በኬሚካዊ ለውጥ ከምን ያህል ንጥረ ነገር ምን ያህል እንደሚገኝ ማስላት ነው። ኢኩዌሽን ባላንስ ማድረግ (ከቀስቱ ግራና ቀኝ የአቶሞቹን ብዛት እኩል ማድረግ) ትችላላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። የማይችል መጀመሪያ እሱን ይጨርስ፤ ባላንስ ያልተደረገ ኢኩዌሽን ላይ የሚሠራ ስሌት ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። የምንጠቀምባቸው የአቶም ክብደቶች፦ ሃይድሮጅን 1፣ ካርቦን 12፣ ናይትሮጅን 14፣ ኦክስጅን 16፣ ካልሲየም 40።

ችግር፦ የገባውና የወጣው ግራም አይገጥምም

ከአሥር የተሳሳተ ወረቀት አብዛኛው ላይ ያለው ይኸው ነው። ጥያቄው፦ 14 ግራም ናይትሮጅን በቂ ሃይድሮጅን ቢያገኝ ስንት ግራም አሞኒያ ይሰጣል? ኢኩዌሽኑ፦ 1 ናይትሮጅን + 3 ሃይድሮጅን → 2 አሞኒያ። ተማሪው 1 ለ 2 መሆኑን ያይና 14 × 2 = 28 ግራም ብሎ ከሥሩ ሁለት መስመር ያሰምርበታል።

እስቲ በዚሁ ዘዴ ሃይድሮጅኑንም ያስላው፦ 14 × 3 = 42 ግራም። 56 ግራም ገብቶ 28 ግራም ወጣ ማለት ነው። ግማሹን ማን ወሰደው?

ምክንያቱ፣ ኮፊሸንት (በኢኩዌሽኑ ከንጥረ ነገሩ ፊት ያለው ቁጥር) የሚናገረው ስለ ሞል ብዛት ነው፤ ስለ ክብደት ምንም አይልም። ሞል እንደ ደርዘን የቅንጣቶች መቁጠሪያ ነው። ናይትሮጅን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ጋዝ ሲሆኑ ሁለት ሁለት አቶም ሆነው ነው የሚገኙት፤ ስለዚህ 1 ሞል ናይትሮጅን 2 × 14 = 28 ግራም ሲመዝን 1 ሞል አሞኒያ (1 ናይትሮጅንና 3 ሃይድሮጅን አቶም) 17 ግራም ብቻ ነው።

መፍትሄው ሦስት እርምጃ አለው፣ አንዱም አይዘለልም፦

1. ግራም ወደ ሞል፦ 14 ÷ 28 = 0.5 ሞል ናይትሮጅን።
2. ሞል ወደ ሞል፦ 0.5 × 2/1 = 1 ሞል አሞኒያ። የሚፈለገው ኮፊሸንት ከላይ፣ የተሰጠው ከታች።
3. ሞል ወደ ግራም፦ 1 × 17 = 17 ግራም።

ማረጋገጫ፦ ሃይድሮጅኑ 0.5 × 3 = 1.5 ሞል፣ ማለትም 3 ግራም ነው። 14 + 3 = 17። ገጠመ። ይህ ማረጋገጫ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሆኖም ፈተና ላይ የሚሠራው ተማሪ ጥቂት ነው።

ይኸው ስህተት መልኩን እየቀየረ ይመጣል። ኮፊሸንቱ ሁሉ 1 ሲሆን በተለይ ያታልላል። ካልሲየም ካርቦኔት (የኖራ ድንጋይ) በኃይለኛ ሙቀት ሲግል ካልሲየም ኦክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ 1 ለ 1 ለ 1። ስለዚህ «ከ50 ግራም 50 ግራም» ይባላል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱም በዚያው ሒሳብ 50 ነውና ከ50 ግራም ድንጋይ 100 ግራም ተገኘ! ትክክለኛው፦ 1 ሞል ካልሲየም ካርቦኔት 100 ግራም ነውና 50 ÷ 100 = 0.5 ሞል፤ ስለዚህ 28 ግራም ካልሲየም ኦክሳይድና 22 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ።

ሌላው ኮፊሸንቱን ሁለት ጊዜ ያስገባል። የአሞኒያን ሞላር ማስ 2 × 17 = 34 ይላል፣ ከዚያ እርምጃ 2ንም ይሠራል፤ 34 ግራም ይወጣዋል። ሞላር ማስ የ1 ሞል ክብደት ነው፤ ኮፊሸንት አጠገቡ አይደርስም። ሬሾውን የገለበጠው ደግሞ 0.25 ሞል፣ 4.25 ግራም ያገኛል፤ 14 ግራም ናይትሮጅን ውስጡ የገባበት አሞኒያ 4.25 ግራም ሊመዝን እንደማይችል ግን ልብ አይልም።

ማስጠንቀቂያ፦ ዩኒት የሌለው ቁጥር አትጻፉ። «0.5» ብቻ ማለት ምንም አይደለም፤ የምን 0.5? የናይትሮጅን ሞል? የአሞኒያ ግራም? ቁጥሩን፣ ዩኒቱንና የንጥረ ነገሩን ስም አንድ ላይ ጻፉ። «ሲቸኩል ይቀራል» የሚል ሰበብ አይሠራም፤ ሲቸኩል ነው የሚያድነው።

ችግር፦ ሊሚቲንግ ሪአክታንቱ ተሳሳተ

ሊሚቲንግ ሪአክታንት ቀድሞ የሚያልቀውና ለውጡን የሚያቆመው ንጥረ ነገር ነው። ግራሙ ያነሰው ቀድሞ ያልቃል ብሎ መገመት ነው የስህተቱ ምክንያት። 4 ግራም ሃይድሮጅንና 24 ግራም ኦክስጅን አለ እንበል፤ 2 ሃይድሮጅን + 1 ኦክስጅን → 2 ውሃ። ሃይድሮጅን ያልቃል ያለው 36 ግራም ውሃ ያገኛል፤ የገባው ግን 28 ግራም ብቻ ነው። የሁለቱንም ሞል አውጡ፣ እያንዳንዱን በራሱ ኮፊሸንት አካፍሉ፦ ሃይድሮጅን 2 ÷ 2 = 1፤ ኦክስጅን 0.75 ÷ 1 = 0.75። ያነሰው ኦክስጅን ነው፣ እሱ ነው የሚያልቀው። ውሃው 1.5 ሞል፣ 27 ግራም፤ 1 ግራም ሃይድሮጅን ይተርፋል። ማካፈሉ ለመለየት ብቻ ነው፤ ከተለየ በኋላ ወደ 0.75 ሞል ተመልሳችሁ ከላይ ያሉትን እርምጃዎች ሥሩ።

ችግር፦ ሞላር ማሱ ራሱ ልክ አይደለም

ኦክስጅን ጋዝ 32 እንጂ 16 አይደለም። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ Ca(OH)₂፣ 74 ነው፤ 58 ካገኛችሁ ከቅንፉ ውጭ ያለውን 2 ለሃይድሮጅን ብቻ ሰጥታችሁ ኦክስጅኑን ረስታችኋል። ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት ክሪስታል ከነውሃው 249.5 ነው፣ 159.5 ነጩ ደረቁ ነው። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ በሆነ ወርክሺት ላይ ደግሞ ትንንሾቹ ቁጥሮች ጠፍተው 3ቱ 8 ይመስላል። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ አትሥሩ፣ ፎርሙላውን ከመማሪያ መጽሐፉ አመሳክሩ።

ችግር፦ 22.4 ሊትር የተሳሳተ መልስ ሰጠ

1 ሞል 22.4 ሊትር ይይዛል የሚባለው ለጋዝ ብቻ ነው፣ ያውም በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ1 አትሞስፌር። 1 ሞል ፈሳሽ ውሃ 18 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው።

ችግር፦ መልሱ በጥቂቱ ይለያል

መሀል ላይ 0.167ን 0.2 አድርጋችኋል። የሚጠጋጋው መጨረሻ ላይ ነው።

ችግር፦ ፐርሰንት ይልድ ከ100 በላይ

ፐርሰንት ይልድ የተገኘው በስሌት ከሚጠበቀው ስንት ፐርሰንት እንደሆነ የሚናገር ነው። ወረቀት ላይ ከሆነ የተገኘውንና በስሌት የሚጠበቀውን አገላብጣችኋል። ላብራቶሪ ውስጥ ከሆነ ፕሮዳክቱ አልደረቀም፣ ወይም የፊልተር ፔፐሩ ክብደት አልተቀነሰም። ሁለት ተከታታይ ሚዛን እኩል እስኪሆን እያደረቃችሁ መዝኑ።