ዶልፊንና አባዱላ ጭስ ስታበዛ፦ ሞተር ከማስወረዳችሁ በፊት

ጅማ አጂፕ ጋር ተራ ይዤ ቆሜ አንድ ወጣት ሹፌር መጣና "ጋሼ፣ ዶልፊኗ ጭስ አበዛችብኝ፣ መካኒኩ ሞተር ይውረድ ብሏል፣ ምን ይላሉ?" አለኝ። ምን አይነት ጭስ ነው ስለው "ያው ጭስ ነዋ ጋሼ"። በዚች መልስ ምክንያት ስንት ሰው ሳያስፈልገው ሞተር እንዳስወረደ ስላየሁ ነው ይሄን የምጽፈው። መካኒክ አይደለሁም፣ የጅማ አጋሮ መስመር ላይ የራሴን ዶልፊን ሚኒባስ የምነዳ ሰው ነኝ፣ የማውቀው ከኪሴ ከፍዬ የተማርኩትን ነው።

ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት ሶስት ነገር እዩ። ጭሱ ቀለሙ ምንድነው፣ መቼ ነው የሚወጣው (ጠዋት ስትነሳ ብቻ ነው፣ ዳገት ላይ ነው፣ ወይስ ቀኑን ሙሉ)፣ ከጭሱ ጋር ደግሞ ምን አብሮ ጎደለ፣ ጉልበት ነው ውሃ ነው ዘይት ነው። እነዚህን ሶስቱን ይዞ የገባ ሰው እና "ጭስ ነዋ" ብሎ የገባ ሰው እኩል አይከፍሉም።

ደግሞ የያዛችሁትን ሞተር እወቁ። ዶልፊን የምንላት አሮጌዋ ሃይየስ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት 5ኤል የሚባለው 3 ሺህ ሲሲ ናፍጣ ነው፣ ናፍጣ የሚገፋው ፖምፕ ሜካኒካል ነው፣ ኮምፒውተር የለውም፣ መከራ ቻይ ነው። አባዱላ የምንላት አዲሷ ሃይየስ ላይ ደግሞ 2ኬዲ የሚባለው 2.5 ሊትሩ ቱርቦ አለ፣ እሱ ኮመን ሬል ነው (ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ ተጠራቅሞ ለሚረጩት ኢንጀክተሮች ይከፋፈላል)፣ በኮምፒውተር ነው የሚሰራው። አንዳንዷ አባዱላ ውስጥ ግን እዚያው 5ኤል ተቀምጦ ታገኙታላችሁ፣ ስለዚህ ቅርጹን አይታችሁ አትፍረዱ፣ ወንበሩን አንስታችሁ ሞተሩን እዩ።

ጥቁር ጭስ፣ ዳገት ላይ ጉልበት ማጣት

እዚህ ከተማ በብዛት የማየው ይሄን ነው። ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው፣ ወይ አየር አንሷል ወይ ናፍጣ በዝቷል፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። አየሩ ድሮም እዚህ ስስ ነው፣ ጅማ ከባህር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሞተሯ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከምታገኘው አየር አንድ ስድስተኛ ያህሉ እዚህ የለም፣ እና ትንሽ ነገር ከዘጋባት ወዲያው ታሳብቃለች።

የራሴን ልንገራችሁ። ታህሳስ ላይ፣ ቡና በደራበት ሰሞን፣ አጋሮ አካባቢ አንድ ቡና መፈልፈያ ጓሮ ድረስ እየገባሁ ሰራተኛ አወርድና እጭን ነበር፣ ሞተሯን ሳላጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት ዶልፊኗ ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ማልቀስ ጀመረች፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ በጥቁር ጭስ፣ ባጃጅ እንኳን ጥሩምባ እየነፋ ያልፈኛል። ጋራዥ ወሰድኳት፣ የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ልጁ ሞተሯን እንኳን በወጉ ሳያዳምጥ "ፖምፕና ኖዝል ይፈታ፣ 27 ሺህ ብር" አለኝ (ኖዝል ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው ነው)። ነገ እመጣለሁ ብዬ ቤት ገባሁና የአየር ፊልትሮውን ቤት ከፈትኩ። ገለባ! የቡና ገለባ፣ ያ ስስ ቢጫ ቅርፊት፣ በፊልትሮው እጥፋት መሃል እንደ ትራስ ጥጥ ተጠቅጥቆ፣ በጣቴ ስነካው ብን እያለ ፊቴ ላይ፣ ሽታው የጆንያ። ፊልትሮውን አውጥቼ መኪናዋ እንደቆመች አስነስቼ ነዳጅ ስሰጣት ጭሱ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ፣ በቃ፣ መልሱ እሱ ነው። አዲስ ፊልትሮ ገዛሁ፣ በነጋታው ዳገቱን በሶስተኛ ወጣሁት። ራዲያተሯም ፊት ላይ ያው ገለባ ተለጥፎ ነበር፣ እሱን በውሃ ከኋላ ወደ ፊት አጠብኩት።

ያለ ፊልትሮ ማየት የሚቻለው ቆማ ሳለ፣ አቧራ በሌለበት፣ ለአንድ ደቂቃ ነው፣ እንደዛ አድርጎ መንዳት ሞተሩን በአሸዋ መፍጨት ነው። ፊልትሮ ስታስነፉ ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋ እንጂ ኮምፕሬሰሩን ፊት ለፊት ደግኖ ወረቀቱን መቅደድ አይደለም። በቤንዚን የሚያጥቡም አይቻለሁ፣ ተዉት።

ፊልትሮው ንጹህ ከሆነ ነው ወደ ናፍጣው የምትሄዱት። የመጀመሪያ ጥያቄ፦ ሰሞኑን ፖምፑን የነካው ሰው አለ ወይ? "ጉልበት ልጨምርልህ" ብለው የፖምፑን የናፍጣ መጠን ብሎን የሚያጠብቁ አሉ፣ ለሶስት ቀን መኪናዋ ትበራለች፣ ከዛ ጭስ፣ ከዛ ሙቀት፣ ከዛ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ይሰነጠቃል፣ ሰውየው ደግሞ ያኔ ስልክ አያነሳም። ብሎኑ ካልተነካ ኖዝሎቹ ናቸው፣ መርጨት ትተው ማንጠባጠብ ጀምረዋል። አራቱም ወጥተው መሞከሪያ ማሽን ላይ ይታዩ፣ ሲመለሱም መዳቡ ዋሸር አዲስ ይሁን፣ አሮጌውን በእሳት አለስልሶ መመለስ ቁጠባ አይደለም።

ጠዋት ነጭ ጭስ፣ ማስነሳት ችግር

ክረምት ላይ ከኮቺ እስከ ቦሳ ቂጦ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስትዞሩ በየደጁ የምትሰሙት የሞተሪኖ (ሞተር የሚያስነሳው) ጩኸት ይሄ ነው። ነጩ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፣ አይን ያቃጥላል፣ መኪናዋ ስትሞቅ ይጠፋል። ከጠፋ አትደንግጡ። መጀመሪያ ካንዴላዎቹ (ሲሊንደሩን በብርድ የሚያሞቁት) ይታዩ፣ አራት ናቸው፣ የሚያገናኛቸውን ብረት ፈትታችሁ በአንድ አምፖልና በሁለት ሽቦ ከባትሪ ፖዘቲቭ እያገናኛችሁ የቱ እንደሞተ ማወቅ ይቻላል፣ አምፖሉ ያላበራበት ሞቷል። ሁለቱ ከሞቱ በብርድ አትነሳም፣ ብትነሳም እየተንገጫገጨች ነው። አራቱም ደህና ሆነው ካልሞቁ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍላቸው ሪሌ ነው።

ቀጥሎ አየር። የናፍጣ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፕ ተጫኑ፣ ጠዋት ጠዋት ለስላሳ ሆና ደጋግማችሁ ከጫናችኋት በኋላ ከጠነከረች ማታ አየር ገብቷል ማለት ነው፣ የላስቲክ ቱቦዎቹን ጫፍ እዩ፣ ደርቀው ተሰነጣጥቀው ይሆናል።

ሶስተኛው ውሃ ነው። ማደያ ናፍጣ ጠፍቶ ከጀሪካን የቀዳ ሰው ይሄን ያውቃል። ከፊልትሮው ስር ያለችውን ማፍሰሻ ላላ አድርጋችሁ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀበሉና አሳድሩት፣ ውሃ ካለው ጠዋት ከስር ለብቻው ተኝቶ ታገኙታላችሁ፣ ናፍጣው ከላይ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሁለት ጣት ውሃ አይቻለሁ፣ ለዛ ሁሉ ውሃ የናፍጣ ዋጋ ነው የከፈልኩት።

የትኛው ሲሊንደር እንደሰነፈ ለማወቅ 5ኤል ላይ መካኒኮች ሞተሩ እየሰራ የኖዝሉን ቱቦ ፍሬ በየተራ ያላላሉ፣ ሲላላ ድምጹ ካልተቀየረ ድሮም አይሰራም ነበር ማለት ነው። እሺ፣ ግን ይሄን አባዱላ ኮመን ሬል ላይ የሚሞክር ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት፣ እዛ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል፣ ቆዳ በስቶ ስጋ ውስጥ ይገባል፣ ቀልድ አይደለም።

ሰማያዊ ጭስ

ዘይት እየነደደ ነው። አጂፕ ጋር ያገኘኝ ልጅ ከሁለት ቀን በኋላ መጥቶ "ሰማያዊ ነው ጋሼ፣ ጠዋት ስትነሳ ቡፍ ትላለች፣ ከዛ የለም" አለኝ። በቃ የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) ነው፣ ማታ ዘይት በቫልቩ በኩል እያንጠባጠበ ያድራል። ቁልቁለት በማርሽ ወርዳችሁ እንደገና ነዳጅ ስትሰጡ ቡፍ ካለችም ያው ነው። ቀኑን ሙሉ ከሆነና የዘይት መክደኛውን ከፍታችሁ እንደ ምድጃ ጭስ ካፈሰሰች ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፣ እሱ ሞተር ያስወርዳል። ዘይት ከልክ በላይ መሙላትም ሰማያዊ ያስጨሳል፣ ዲፕስቲኩን (የዘይት መለኪያውን) ማየት ነጻ ነው።

ውሃ እየጎደለ ነጭ ጭስ፣ ሞቃም ቢሆን የማይጠፋ

ይሄኛው ከላይ ካለው ነጭ ይለያል፣ አይን አያቃጥልም፣ እንፋሎት ነው። የዘይት መክደኛው ውስጥ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካያችሁ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። ካላያችሁም ጠዋት በብርድ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ አስነሱ፣ ያለማቋረጥ አረፋ ከገፋ የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መሃል ያለው ማሸጊያ) ነው ወይ ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል (በሞቀች ጊዜ ክዳኑን አትንኩ፣ የተቃጠለ ፊት አይቻለሁ)። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ጊቤ በረሃ ሙቀቱ ከፍ ካለ ቁሙ፣ "ሰኮሩ ድረስ ላድርሳት" ያለ ሰው ቴስታታ ገዝቷል። ጥገናው ላይ ጋርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መግጠም የለም፣ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ስንጥቅ ይታይለት፣ ይላጥ።

ቴርሞስታቱን "እዚህ አያስፈልግም" ብለው አውጥተው የሚጥሉላችሁን አትስሙ። ያለሱ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ናፍጣ ይበላል፣ በብርድ ያጨሳል፣ ስትሞቅባችሁ የነበረችበት ዋናው ምክንያት ደግሞ እዛው ይቀመጣል።

አባዱላ ብቻ

2ኬዲ ላይ ጉልበት ድንገት ቀንሶ የሞተር መብራት ከበራ መጀመሪያ ኮድ ይነበብ፣ በግምት ዕቃ መቀያየር ኪስ ይጨርሳል። የቱርቦው የአየር ላስቲክ ተቀዶ፣ ወይ ፖምፑ ላይ ያለችው የነዳጅ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ደክማ፣ ወይ ኢጂአሩ (የተወሰነ ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው) በጥላሸት ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ዋናው ግን ማንም የማያየው ነው፦ የኢንጀክተሩ መዳብ ዋሸር ሲያሳልፍ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱን አጥቁሮ ወደ ሬንጅ ይቀይረዋል፣ ሬንጁ ኮፓ (ከስር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል፣ ከዛ ቱርቦ፣ ከዛ ኩሽኔት (ዘንጉ የሚሽከረከርበት) ይበላሻል። ምልክቱ ጠዋት ስታስነሱ የዘይት መብራት ለመጥፋት መዘግየት ነው። እንደዛ ካደረገች በዛው ቀን ኮፓው ይፈታና ወንፊቱ ይታይ። ዳሽቦርድ ላይ ቲ-ቤልት የሚል መብራት ከበራም ማጥፋት ብቻ አይደለም፣ የታይሚንግ ቺንጋው ጊዜ ደርሷል ነው የሚለው።

ጭስ ውስጥ ሲገባ

ይሄን መጨረሻ ያደረግኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ፣ መስኮት ሁሉ ዝግ፣ ከሰርቦ የተሳፈሩ አንዲት እናት ከፊት ወንበር "የኔ ልጅ፣ ራሴን አዞረኝ፣ መስኮት ክፈትልኝ" አሉኝ። እኔ መንገዱ ነው ብዬ ነበር። ረዳቴም "ጋሼ እኔንም ራሴን አሞኛል" ሲል ነው ዳር ይዤ የቆምኩት። እሳቸው የተቀመጡበትን ወንበር አንስቼ ሳይ ከማኒፎልዱ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ከሚሰበስበው) ወደ ታች የሚወርደው ቱቦ መጋጠሚያ ላይ በጥቁር ቀለም የተሰመረ የሚመስል የጥላሸት መስመር፣ ሶስት ፍሬ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ሁለት። ሞተሩ ያለው ከሰው መቀመጫ ስር ስለሆነ እዛ የሚያፈስ ጭስ መንገዱ ወደ ውስጥ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም። ናፍጣ ከቤንዚን ያነሰ ነው የሚያወጣው፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ ግን እሱም ይበቃል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከአንድ ሰው በላይ ከተሰማው አቁሙ፣ ሰው ይውረድ፣ በር ይከፈት።

ለማግኘት ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነስታችሁ ስሙ፣ ጭክ ጭክ ጭክ የሚል ነዳጅ ስትሰጡ የሚፈጥን ድምጽ አለ፣ ሲሞቅ ብረቱ ስለሚሰፋ ድምጹ ሊጠፋ ይችላል። ሌላ ሰው ከኋላ የጭስ ማውጫውን አፍ በወፍራም ጨርቅ ለሁለት ሶስት ሰከንድ ይያዝ፣ የሚያፈሰው ቦታ ይጮሃል። ጥገናው አዲስ ጋርኒሲዮንና ሙሉ ፍሬ ነው፣ የዛገው እንዳይሰበር ማታ ዘይት ቀብታችሁ አሳድሩት። ከቆርቆሮ ተቆርጦ የሚገባ ጋርኒሲዮን አይቻለሁ፣ ወር አይሞላም። የሞተር ክዳኑን ዙሪያ ጎሚኒና የኋላ በሩን ጎሚኒም እዩ፣ የኋላ መስኮት ከፍቶ መንዳት ጭሱን ከኋላ ወደ ውስጥ ይስባል።

ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምጽ ማፈኛ) ራሱ የሚበሰብሰው ከውስጥ ነው፣ ከተማ ውስጥ አጭር አጭር ስትሄዱ ሳይሞቅ ውሃው እዛው ይቀራል። ከመርካቶ እስከ መነኸሪያ ብቻ የምትመላለሱ ከሆነ በሳምንት አንዴ ረዘም ያለ መንገድ አውጧት። ቱቦው ድንጋይ መትቶት ከተጨፈለቀም ጉልበት ይቀንሳል፣ ጥቁርም ያስጨሳል፣ ተንበርክካችሁ ስሩን እዩ። መስቀያው ላስቲክ ሲበጠስ ደግሞ በሽቦ አታስሩት፣ ሽቦ አይለጠጥም፣ ንዝረቱን ሁሉ ወደ ማኒፎልዱ ፍሬዎች ይልካል፣ የኔም ሶስተኛዋ ፍሬ የወደቀችው በሽቦ ምክንያት ነበር፣ ያሰርኩትም እኔው ነኝ።